በክሊፕ ውስጥ የታሰረው ኒካህ

ልጄን ሳልፈቅድ ዳሩብኝ። ያውም በገዛ አፌ፣ በሁለት ምስክር ፊት፣ የአባቱን ስም እንኳ ለማላውቀው ጎረምሳ።

እንዲህ ያደረገኝ ሽፍታ አይደለም። የዘፈን ክሊፕ የሚሠራ አንድ ወጣትና ሦስት ገጽ ውል ናቸው። ሰው ሲሰማው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ሰባት ሳምንት ሙሉ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ከርሟል።

ሥራዬ ጆንያ ነው። ሐረር፣ ኤረር በር አጠገብ አሮጌ ጆንያ እገዛለሁ፣ የተቀደደውን እሰፋለሁ፣ ለድንችና ለሽንኩርት ነጋዴ መልሼ እሸጣለሁ። ቤቴ ሐኪም ጋራ ነው። ማንበብ የተማርኩት በአርባ አራት ዓመቴ፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ ለልጆች በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጬ ነው። አነባለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። ሰው ሲያየኝ አፍራለሁ። ጥፋቴ ሁሉ የመጣው ከዚህች እፍረት ነው፤ የሌሎቹን ጥፋት ደግሞ እነግራችኋለሁ።

ታላቋ ልጄ ፈረስ መጋላ ፎቶ ቤት ትሠራለች። የክሊፑ አዘጋጅ ፎቶ ሊያሳጥብ ሲገባ አያት። ሐረር የተወለደ፣ የከተማ ክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ ነው። አስተዳደጉ ጥሩ ነው፤ «ጋሼ» እያለ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነው የሚያናግረኝ። ለሙሽራ የሚሆን ፊት እየፈለገ እንደነበር ነገረን። ልጄ ፈለገች። እናቷ ግን «አባቷ አጠገቧ ካልቆመ አይሆንም» አለች። ወጣቱ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና እጁን አጨበጨበ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ለምን የሙሽራዋን አባት ሆነው አይሠሩም? እንዲህ ያለ ፊት ከየት አመጣለሁ!»

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ፊቴን ያመሰገነ ሰው ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

ውሉን የፈረምነው ፈረስ መጋላ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ለእኔ አንድ፣ ለልጄ አንድ፣ ሙሽራ ሆኖ ለሚሠራው ከድሬዳዋ ለመጣ ልጅ አንድ። ሙሽራው ሳያነብ ፈርሞ ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ልጄ በዓይኗ አለፍ አለፍ ብላ ፈረመች። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ ጀመርኩ። «ሚና፦ የሙሽራዋ አባት» የሚለውን መስመር አነበብኩት፤ ወደድኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ቀና ስል ሦስቱም እየጠበቁኝ ነው። ሙሽራው፣ «አቦ፣ አባታችን ሊሸመድዱት ነው እንዴ?» አለ። ሳቁ። ላብ አጠመቀኝ። ሁለተኛውን ገጽ የተማረ ሰው በሚገልጥበት ፍጥነት ገለጥኩት፤ ሦስተኛውንም። ፈረምኩ። ፊርማዬ ቆንጆ ነው፤ ብዙ ተለማምጄበታለሁ።

ቀረጻው በጀጎል ውስጥ፣ በአንድ ያረጀ የሐረሪ ቤት ነው። ወንዶቹ በቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ ተደረደርን። ኒካህ፣ ማለትም የጋብቻውን ቃል፣ የሚያስረው ሰውዬ ሆነው የተቀመጡት የሰፈራችን ሸኽ ናቸው። አዘጋጁ የመረጣቸው ለጢማቸውና ለጥምጥማቸው ነው፤ በእውነትም ዕድሜያቸውን ሙሉ ኒካህ ሲያስሩ እንደኖሩ አላወቀም። ለምስክርነት የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎችም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ የሚሰግዱ፣ የሚጾሙ፣ የታወቁ ሰዎች።

ሁለት ጊዜ ሞከርን። አዘጋጁ አልወደደውም። «ጋሼ፣ ሸኽዬ፣ ጽሑፉን እርሱት» አለ። «በሰፈራችሁ እንደምታደርጉት አድርጉት። እውነተኛ ይሁን።»

እርሱት አለን። ረሳነው።

ሸኹ የኒካሁን ምክርና ጸሎት፣ ኹጥባውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወረዱት። ልጄን ፈቃዷን ጠየቋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እሺ» አለች። መህሩን፣ የሙሽራዋን ጥሎሽ፣ ጠየቁ፤ ሙሽራው ከጣቱ የብር ቀለበት አውልቆ አስቀመጠ። ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። በጽሑፉ ላይ ለሙሽራዋ ሌላ ስም ተሰጥቷታል፤ ሲያለማምዱኝ ሃያ ጊዜ ብዬዋለሁ። እጄን በሙሽራው እጅ ላይ አድርጌ ልጄን ሳያት ግን ያ ስም ከአፌ አልወጣም። ልጄን በሰው ስም ጠርቻት አላውቅም። በራሷ ስም፣ ከእኔ ከአባቷ ስም ጋር ጠርቼ «ሰጥቼሃለሁ» አልኩ። ሙሽራው «ተቀብያለሁ» አለ።

አዘጋጁ እንባ ተናነቀው። «ካት! ይሄ ነው! ጋሼ፣ ይሄ ነው!» ብሎ አቀፈኝ።

በሦስተኛው ጁምዓ ሸኹ ከመስጊድ በር ላይ እጅጌዬን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«አንተ፣ ያ ልጅ የት ነው ያለው?»

«የቱ ልጅ?»

«የዳርክለት ነዋ!»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሸኽና፣ እሱኮ ቪዲዮ ነው።»

«እኔ ቪዲዮ አላውቅም። ወሊዋ፣ ዳሪዋ፣ አንተ ነህ። ልጅቱ እሺ ብላለች። መህር ቀርቧል። እሱ ተቀብሏል። ሁለቱ ምስክሮች አፍህን እያዩ ነበር። እስከ ዛሬ ካሰርኩት ኒካህ ይሄኛው በምን ይለያል ብዬ ሳሰላስል ሰነበትኩ። አላገኘሁም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ኒካህ በቀልድም እንደሚጸና እያወቅኩ አፌን ከፈትኩ።»

ግድግዳውን ያዝኩ።

ልጄ የታጨች ናት። እጮኛዋ በጅጅጋ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። ሸኹ ያሉት እውነት ከሆነ፣ በጥር ወር የሰው ሚስት ለሌላ ሰው ልድር ነው። ልጄ በሐራም ልትኖር፣ የምትወልደውም በሐራም ሊወለድ፣ የዚህ ሁሉ በር ከፋች ደግሞ እኔ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ጮኸች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ቀለበቱ ነው። የዚያን ቀን በግርግሩ ልጃችን ቦርሳ ውስጥ ገብቶ እኛው ቤት ቀርቷል።

«ይሄ ነገር እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ልቤን ሲከብደኝ ነበር» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ መህሯን ተቀብለናልኮ!»

መልሳ ዱቄት ማስቀመጫው ሥር ደበቀችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱቄት ስትቀዳ እንኳ ፊቷን አዙራ ነው።

ወደ ሸሪዓው ዳኛ፣ ወደ ቃዲው፣ ስሄድ ውሌን ይዤ ሄድኩ። ውሉ ያድነኛል ብዬ ነበር። ትወና መሆኑ ተጽፎበታላ! ቃዲው በዕድሜ የገፉ፣ ቃላቸው የረጋ ሰው ናቸው። ወረቀቱን በመነጽራቸው ሥር አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከእኔ በላይ ቀስ ብለው አነበቡ፤ አላፈሩም።

«ይህ ወረቀት አንድ ሰው አባት መስሎ ይሠራል ነው የሚለው» አሉ። «አንተ ግን መስለህ አይደለም። አባቷ ነህ።»

«የተሰጠኝን ስም ብጠራስ ኖሮ?»

«እሱን ብትጠራ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የሌለች ልጅ ነዋ የምትድረው። የጠራኸው ግን የራሷን ስም ነው። ዑለማው፣ ሊቃውንቱ፣ ሁሉ በዚህ አንድ ቃል አይደለም፤ ትወና አይጸናም የሚልም አለ። አንተ ልጅህን በዚያ ላይ ተደግፈህ ትድራለህ?»

ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብዬ አጠፍኩት።

«የሚያስተማምነው አንድ ነገር ነው። ልጁ ይፍታት። ስላልነካት የምትጠብቀው ዒዳ የለባትም፤ በማግሥቱም ማግባት ትችላለች። ልጁን ፈልገው። ውሉንም ደግሞ አንብበው፣ በተለይ አንቀጽ ሰባትን።»

ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ያ ሳላነበው የገለጥኩት። «ተዋናዩ በቀረጻው ወቅት የተናገረው ማንኛውም ቃል፣ ከተሰጠው ጽሑፍ ውጭ የተናገረውም ቢሆን፣ የአዘጋጁ ንብረት ነው። ተዋናዩ ይቆረጥልኝ ወይም ይቀየርልኝ ብሎ መጠየቅ አይችልም።»

ከጽሑፍ ውጭ የተናገርኩት የልጄ ስም ነው። የአዘጋጁ ንብረት ሆኗል።

ሮጥኩ ማለት ይቀላል። አዘጋጁን ፈረስ መጋላ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። ክሊፑ የሚጀምረው በእኔ ነው። ዘፈኑ ሳይገባ፣ ያለ ሙዚቃ፣ የእኔ ድምፅ ብቻ። የልጄ ስም ጥርት ብሎ ይሰማል።

«አውጣው» አልኩት።

«ጋሼ ይሙቱ፣ ይሄ የክሊፑ ልብ ነው!»

«ስሟን ሰው ከሰማ የልጄ ሠርግ ይፈርሳል።»

አስረዳሁት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ጨርሼ ስጠብቅ፣ «ግን ጋሼ፣ ትወና ነውኮ» አለ። ወላሂ አልገባውም። በእነሱ ቤት አንድ ሰው ካሜራ ፊት «ሰጥቼሃለሁ» ቢል ምንም የሚሆን ነገር የለም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ላይ መጮህ ይቻላል። አንቀጽ ሰባትን በትሕትና አሳየኝ። ክስ እመሠርታለሁ፣ ክሊፑ አይወጣም ብዬ ጠረጴዛውን መትቼ ወጣሁ። የሆነ ሆኖ በምን እንደምከሰው አላውቅም፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ሙሽራው። ስልኩ ነበረኝ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ መደወል አቃተኝ። ምን ብዬ ነው የምነግረው? ልጄን ፍታልኝ ስለው እኮ ልጄ በእጁ እንዳለች ማሳወቄ ነው። እስከዚያ ሰዓት አያውቅም። ካወቀ በኋላ «ሚስቴ ናት፣ አልፈታም» ቢልስ? የትኛው በር ላይ ሄጄ ልጮህ ነው? እነግረዋለሁ ብዬ ስልኩን አወጣለሁ፤ መልሼ እከታለሁ። ጆንያ ስሰፋ መርፌው ጣቴን እየወጋኝ የሰፋሁት ሁሉ ደም ነክቶት ነበር።

በአራተኛው ቀን ደወልኩ።

«ሄሎ፣ አማቴ!» አለ ገና ድምፄን ሳይሰማ። ስልኩ ላይ እንዲያ ብሎ መዝግቦኛል።

«አማትህ አይደለሁም።»

«አቦ፣ አትቆጣ! ሚስቴ ደኅና ናት?»

እየቀለደ ነው። እየቀለደ መሆኑን አውቃለሁ። ቀልዱ ራሱ ነው ያስፈራኝ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ሸኹን፣ ቃዲውን፣ ክሊፑ እንዲቆም መጠየቄን ጭምር። ሳቁ ጠፋ።

«ክሊፑን ልታስቆመው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«እሱን ተወው፣ አንተ ብቻ ፍታልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አላነሣም።

እነዚያን ዘጠኝ ቀናት መጻፍ አልወድም። በር ሲንኳኳ ሚስቴ ልጃችንን በዓይኗ ትፈልጋለች፤ ሊወስዳት የመጣ እየመሰላት። እኔ ገበያ ላይ ሁለት ሰው አንድ ስልክ ላይ አጎንብሶ ካየሁ ክሊፑ የወጣ ይመስለኝና በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ሚስቴ፣ የልጃችን እጮኛ እንዳይሰማ ብላ ሁላችንንም አስማለችን። ልጄም ማለች።

በስምንተኛው ቀን እጮኛዋ ሱቄ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አንዱን የተቀደደ ጆንያ አንሥቶ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከና አየው።

«ነግራኛለች» አለ።

መሐላዋን አፍርሳለች። እንደኔ ግትር ናት።

«እና?»

«ሦስት ቀን ተናድጄ ነበር። አሁን ቀንሶልኛል። የሚፈታበትን ቀን ንገሩኝ። እመጣለሁ።»

«ካልፈታስ?»

ጆንያውን መልሶ አስቀመጠ። «እሱን እንጃ አባ» አለና ሄደ።

በአሥረኛው ቀን ሙሽራው ራሱ ከድሬዳዋ መጣ። ቀልዱን እዚያው ትቶት መጥቷል። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ውሉን የፈረምንበት ጠረጴዛ ዘንድ ነው የተገናኘነው። አዘጋጁም ነበር።

«ስማኝ አባ» አለኝ። «እኔ ሚስት አልፈልግም። የራሴን ሆድ መሙላት ያቃተኝ ሰው ነኝ። ስልኩን ያላነሣሁት ፈርቼ ነው። እናቴን ስጠይቃት፣ ‹የሰው ልጅ አግብተህ ነው ዝም የምትል!› ብላ በጫማ አሳደደችኝ።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ግን አራት ዓመት ሙሉ ከጀርባ ቆሜ ነው የተቀረጽኩት። ሰው ሲያልፍ የሚታይ ትከሻ ነበርኩ። ፊቴ ሲታይ ይሄ የመጀመሪያው ነው። አንተ ደግሞ ቁረጡት ትላለህ። ኒካሁ ቦታ ከተቆረጠ እኔ የለሁም። እፈታታለሁ፤ ክሊፑን ግን አትንካ። ከነካህ እኔም አልናገርም።»

ልመታው ፈለግኩ። ልጄን በፊቱ ልክ መዘነብኝ። ግን ደግሞ ፊቴ ሲመሰገን ደስ ያለኝን እኔን አስታወሰኝ። እጄን ጠረጴዛው ሥር ያዝኩት።

«ፊትህ ይቆይ» አልኩ። «የኔም ፊት ይቆይ። ድምፄን ግን መልሱልኝ። የልጄ ስም እንዳይሰማ።»

አዘጋጁ አሰበ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ማስገባት እንደሚችል አጉተመተመ። «ይሞታልኮ ጋሼ» አለ፣ ቆይቶም «እሺ» አለ። አዲስ ውል እንዲጻፍ ተስማማን። እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ቃዲው ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ እኔ ራሴ ካላነበብኩት አልፈርምም።

አዲሱ ውል በተነበበበት ቀን ቃዲው ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው ነበር። እጮኛዋ ገብቶ አልተቀመጠም፤ በሩ ላይ ቆመ። ውሉ ሁለት ገጽ ነው። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። «ምስል» የሚለውን አነበብኩ። «ድምፅ» የሚለው ላይ ቆምኩ፣ ደገምኩት። አንድ አንቀጽ ጨርሼ ቀና ስል አዘጋጁ ሰዓቱን እያየ ነው። ልረዳዎት ብሎ እጁን ዘረጋ። ቃዲው «ተወው» አሉት። ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ የቀትሩ ዙህር አዛን እስኪል አነበብኩ። ያልገባኝ ቃል ሲመጣ «ምን ማለት ነው?» እላለሁ፤ አዘጋጁ ያስረዳል፤ ሁለት ቦታ ላይ ማስረዳት አቅቶት ራሱ ሰረዘው። የሳቀ ሰው የለም።

ከመጨረሻው መስመር ሥር በገዛ እጄ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት፦ «የልጄ ስም የማንም ንብረት አይደለም።»

ከዚያ ሙሽራው ተነሣ። ሁለቱ ምስክሮች፣ የያኔዎቹ ራሳቸው፣ ዓይናቸውን ጣሉበት። ጉሮሮውን ጠረገ። ስሟን ጠርቶ «ፈትቻታለሁ» አለ። ልጄ ቀለበቱን ከጨርቁ ፈትታ፣ ከመህሩ የሚገባትን ግማሽም መተዋን ተናግራ አስረከበችው። ሲቀበላት «ይቅርታ እህቴ» አላት። በሩ ላይ የቆመው ሰው ያን ጊዜ ገብቶ ተቀመጠ።

ክሊፑ ወጥቷል። ፈረስ መጋላ ሰው በስልኩ ያየዋል፤ አንዳንዱ አይቶኝ «የሙሽራዋ አባት!» ብሎ ይጠራኛል። እኔም አንድ ቀን አየሁት። እጄ በጎረምሳው እጅ ላይ ነው፤ ልጄን አያታለሁ፤ አፌ ይንቀሳቀሳል። ከበሮና ዘፈን ብቻ ነው የሚሰማው። ያም ሆኖ ከንፈሬን እያየሁ ስሟን አነበብኩት። ማንበብ የሚችል ሁሉ እንደኔ ቀስ ብሎ ቢያየው ያነበዋል ብዬ ዛሬም እፈራለሁ።

ውሉ ቤቴ አለ። የእኔ ቅጂ ነው፤ ይሄኛውን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ከፊርማዬ አጠገብ ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.።